ቁስቅዋም

ከላይ ያለው ርእስ የታይፕ ግድፈት አይደለም። የቡለቲናችን አዘጋጅ ቀይ እስክሪብቶውን መዝዞ እንዳይነሣብኝ አስቀድሜ ለምኜዋለሁ። የምኖርበት ሰፈር ቁስቋም ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ደብረ ፀሐይን ያሠሩበት፣ ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ከፍ ብሎ የሚታየው ኮረብታ። እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ከደረሰችበት ከግብጹ ቁስቋም የተወሰደ ስም መሆኑን ጎንደር የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒዩተር ግን አያውቅም። ኮምፒዩተር ሲያነበው «ቁስቅዋም» ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ አይደለም፣ በየገጹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይነ ስውር ወዳጅ አለኝ፤ ስሜን አትጥራ ስላለኝ ወዳጄ እያልሁ እቀጥላለሁ። ብሬል የተማረው በልጅነቱ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በልዩ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ደግሞ አንድ ምሪት የሚሰጠው ልጅ በትር ያስይዘውና ሽቅብ ወደ ቁስቋም፣ ወደ የኔታ ጎጆ ይወጣ ነበር። ቀን ዘመናይ፣ ማታ የቅኔ ተማሪ። ታዲያ ቅኔ እንደምታውቁት አንድ ጊዜ ይዘረፋል፤ የዛሬው ለነገ አይደገምም። የኔታ ማኅሌት ላይ የዘረፉትን ሌሎቹ ተማሪዎች ጧት በቃላቸው ሲቀጽሉ ወዳጄ ግን ሌላም ነገር ያደርግ ነበር፤ እንዳይጠፋበት ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ በስሌትና በስታይለስ እየወጋ በነጥብ ያስቀምጠዋል። የኔታ «ምን ትቦረቡራለህ?» ይሉታል። «እህል ነው የኔታ፤ እንዳይነቅዝ» ይላቸዋል። እሳቸው አርፈዋል። ዛሬ በወዳጄ አልጋ ሥር በሲባጎ የታሰረ አሥራ አንድ ጥቅል ወረቀት አለ። ከዚያ በቀር የኔታ በዚህ ዓለም ላይ የጻፉት ነገር የለም።

ዘንድሮ ወዳጄ የመመረቂያ ጽሑፉን በእነዚህ ቅኔዎች ላይ ሊሠራ ወሰነ። ወዲያውም ችግር መጣ፤ አማካሪ መምህር በነጥብ የተጻፈ ነገር አያነቡም፣ ፈታኝም አያነብም። በፊደል መቅረብ አለበት።

«ለምን እሱ እየዳሰሰ አያነብልህም፣ አንተ አትጽፍም?» ትሉኝ ይሆናል። እሱንም አድርገናል። ግን አስቡት እስኪ። ወዳጄ ግቢ ከገባ ጀምሮ ሰው ሲለምን ነው የኖረው። መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው ይለምናል፣ ፈተና የሚጽፍለት ሰው ይለምናል፣ የጻፈውን መልሶ የሚያነብለት ይለምናል። አንባቢው ሲደክመው ያዛጋል፣ ስልክ ሲጠራ ይወጣል፣ ፍቅረኛው ስትመጣ ምኑ ቅጡ! «አንድ ጊዜ እንኳ የጻፍሁት ነገር ሰው እጅ ሳይገባ መምህሬ ዘንድ ይድረስ» አለኝ። ለካስ ብሬልን ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም አለ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ታነሣለህ፤ አንዱ ፕሮግራም ነጥቦቹን ይለቅማል፣ ሌላው የተለቀሙትን ነጥቦች ወደ ፊደል ይመልሳል። በወሬ ደረጃ ያምራል።

ለማያውቅ ስለ ብሬል ጥቂት ልበል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ሥርዓቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው፤ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ የእኛ እኩያ ማለት ነው። አንዱ ምልክት፣ እነሱ ሴል የሚሉት፣ ስድስት ነጥብ የሚይዝ ሲሆን ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ናቸው። ነጥብ በማድረግና ባለማድረግ 63 ዓይነት ምልክት ይወጣል፤ ባዶውን ከቆጠርን 64። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 ሲባዛ በ7 ነው፣ 231፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። በ63 ምልክት 231 ፊደል እንዴት ይጻፋል? የአማርኛው ብሬል መላ ፊደሉን ከሁለት መሰንጠቅ ነው። ተነባቢው አንድ ምልክት፣ አናባቢው ሌላ ምልክት። «ቤት» ሲጻፍ በመጀመሪያ የብ ምልክት፣ ቀጥሎ የኤ፣ ከዚያ የት። ሳድስ አናባቢ አይከተለውም፤ ብቻውን ይቆማል።

ልብ በሉልኝ። በቆዳው ፊደል ራቁቱን የሚቆመው ግዕዙ ነው። ለ ብለን እንጀምርና ሉ፣ ሊ እያልን እግርና ቀለበት እንቀጥልለታለን፤ ል ራሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ የተሠራ ነው። በብሬል ግን ራቁቱን የሚቆመው ሳድሱ ነው፣ ለ ምልክት የሚጨመርለት እንግዳ ሆነ። እኔ ይህን ስሰማ ተገረምሁ፤ ወዳጄ ግን «እናንተ ናችሁ የገለበጣችሁት» አለኝ።

የመጀመሪያውን ገጽ ያነሣነው በኔ ክፍል፣ በመስኮት ብርሃን ነው። የወጣው ነገር በላቲን ፊደል የተጻፈ ጉድ ነበር። ጉድ ያልሁት በምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ሳይጠይቀን የእንግሊዝኛውን ሰንጠረዥ ይዞ ኖሯል። የብሬል ፕሮግራም ሁሉ የሚሠራው በሰንጠረዥ ነው፤ ይህ ነጥብ ይህ ፊደል ነው የሚል የደንብ ዝርዝር አለው፣ ለየቋንቋው የተለየ። የአማርኛው ተነባቢዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከዓለም አቀፉ ጋር ስለሚገጥሙ ዶሮ ዶሮ፣ ቡና ቡና ሆኖ በላቲን ወጣ፤ ልክ ጓደኞቻችን በስልክ እንደሚላላኩት። እስከዚህ ደህና ነው። ነገር ግን እንግሊዞች በብሬል ቃል ያሳጥራሉ። ጂ እና ዲ ጎን ለጎን ብቻቸውን ከቆሙ ለነሱ «ጥሩ» የሚለው ቃላቸው አጭር ጽሕፈት ነው። እናም የወዳጄ «ግድ» በሙሉ «ጉድ» ተብሎ የሚነበብ እንግሊዝኛ ሆኖ ተዘረገፈ። ግድ የለም ያለውን ጉድ የለም አደረገው። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ያን ዕለት ሌላ አልሠራንም።

የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ እንዳለ ከሰው ሰማን። ሊብሉዊ የሚባል፣ በሉዊ ብሬል ስም የተሰየመ፣ ማንም በነፃ የሚወስደው የብሬል መተርጎሚያ አለ፤ ከሰንጠረዦቹ መካከል የግዕዝ ፊደል ሰንጠረዥ ይገኝበታል። ደግነቱ ይህ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ አንድ ነገር በፍላሽ ሊዞር መቻሉ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም።

ሰንጠረዡ ከተስተካከለ በኋላ ፊደል መውጣት ጀመረ። ፊደል ብቻ ነው ታዲያ፤ ቃል አይደለም። አንድ ገጽ ሙሉ «ውፍ» እና ይህን የመሳሰለ ነገር ሞልቶበት ወጣ። እዚህ ላይ ወዳጄ ነው ነገሩን የደረሰበት፤ እኔ ገና ኬብል እነቅል ነበር። በስሌት ሲጻፍ ወረቀቱ ከጀርባው ነው የሚወጋው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ መልኩ ተገልብጦ። ሲዞር ነው ነጥቡ ጉብ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበው። ስልኩ ያነሣው የተወጋውን ፊት ነው። ጉብታውንና ጉድጓዱን አልለየም፤ ከፎቶ ላይ ሁለቱም ያው ጥላ ናቸው። ብሬል በመስተዋት ሲታይ ደግሞ ዝም ብሎ ትርጉም የለሽ አይሆንም፤ ሌላ ፊደል ይሆናል። ድ ፍ ይሆናል፣ ር ው ይሆናል፣ ኢ እና ኤ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ «ድር» ከጀርባው «ውፍ» ነው። ወዳጄ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሰ ሁለቱን ቃላት በአየር ጻፋቸውና «ይኸው፤ ሸረሪቷ በራ ሄደች» አለ።

ወረቀቱን ማዞር ቀላል ነው። ቀላል ያልሆነው የወረቀቱ ዓይነት ነው። የብሬል ወረቀት ወፍራም ነው፣ ውድም ነው። የአብነት ተማሪ ከየት ያመጣዋል? ወዳጄ የጻፈው ባገኘው ደንዳና ወረቀት ሁሉ ላይ ነው፤ የመጽሔት ሽፋን፣ የካርቶን ልባስ፣ ከሁሉ ይበልጥ ግን ዓመቱ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር። ለጣት የታተመ ቀለም የለም ማለት ነው። ለካሜራ ግን አለ። ከካላንደሮቹ በአንዱ ላይ ነብር ተስሏል። ፕሮግራሙ የነብሩን ነጠብጣብ አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ፊደል መለሰው፤ አንድ ሙሉ ገጽ። እውነት ለመናገር ከግቢያችን ገጣሚያን የአንዳንዶቹን ያህል ትርጉም ይሰጥ ነበር። ወዳጄ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ጠየቀኝና በጥሞና አዳምጦ «ይኼስ የኔታን አይመስልም» ብሎ ፈረደ። መላው ብርሃን ሆነ። መጋረጃ ጋርደን፣ የእጅ ባትሪ ከወረቀቱ ጎን ዝቅ አድርገን ስናበራ የነጥቡ ጥላ ይረዝማል፣ የቀለሙ ጠብታ ግን ጥላ የለውም። ገጹን አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከላይ እያበራን ሁለት ሁለት ጊዜ አነሣነው። ከአንዱ ያመለጠው በሌላው ይያዛል።

ቁጥሩም የራሱ ጣጣ አለው። በብሬል ለአኃዝ የተለየ ምልክት የለም፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር የላቲን ፊደላት የቁጥር ምልክት ከፊታቸው ሲቆም ከ1 እስከ 0 ይሆናሉ። የቁጥር ምልክቷ ከተደመሰሰች 6 የነበረው ፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት «ኅዳር 6»፣ የቁስቋም ክብረ በዓል፣ «ኅዳር ፍ» ሆኖ ወጣ። በተቃራኒውም አለ። ወዳጄ በቅኔው ጠርዝ የኑሮ ጉዳዩን ሁሉ ይወጋ ነበርና አንድ ልጅ የተበደረውን «50ብር» ሳይለያይ ጽፎታል። ብ እና 2 አንድ ምልክት ናቸው። ፕሮግራሙ «502ር» ብሎ አነበበው። ተበዳሪው ይህን ጽሑፍ ካየው አይደንግጥ፤ ዕዳው አምሳ ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚያስቁ ናቸው። የማያስቀው ሦስተኛው ጥቅል ላይ ጀመረ።

የብሬል ነጥብ ይሟሽሻል። ጣት ለስላሳ ነው እንላለን እንጂ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ወረቀት ይደለድላል። ከሁሉ ቀድማ የምትጠፋው ብቸኛዋ ናት፤ የራብዕ አናባቢ ምልክት አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፣ ከላይ በግራ። እሷ ስትጠፋ ሴሉ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ሴል ደግሞ ለኮምፒዩተር የቃል ክፍተት ነው። «ላም» «ል ም» ትሆናለች፤ ለሁለት ታርዳ ትወድቃለች። በቃል መጨረሻ ከሆነማ ክፉ ነው፤ መጥፋቷም አይታወቅም። «ብላ» የነበረው «ብል» ይሆናል። አያችሁ? ግብዣው ራሱ ነቀዝ ሆነ። በግዕዝማ የራብዕ መጥፋት ባለቤቱን ይለውጣል፣ ሴቲቱን ወንድ፣ ብዙውን አንድ ያደርጋል።

ምን ያህል ቦታ እንደጠፋ ስንቆጥር አንድ ነገር ገባኝ። የጠፋው ነጥብ እንደ ዘበት በየቦታው የተበተነ አይደለም። አንዳንዱ ገጽ ትናንት የተወጋ ይመስላል፤ ፕሮግራሙ አንድ ስሕተት ሳይሠራ ይወጣዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ወዳጄን «ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?» አልሁት። ገጹን ተቀብሎ ዳሰሰና ዝም አለ። ቆይቶ «ይኼን እወደው ነበር» አለ። ያልወደዳቸው ቅኔዎች ደኅና ናቸው። የወደዳቸውን በየማታው እየደጋገመ በጣቱ አንብቧቸዋል፤ አንብቦ ጨርሷቸዋል። የየኔታ ምርጥ ቅኔዎች የጠፉት በአይጥ አይደለም፣ በዝናብም አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። ጠፋ ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ ፕሮግራሙን አቁመን ወዳጄ በጣቱ ያነባል። ካሜራ ያላየውን ጣቱ ያገኛል፤ ዝቅ ያለውን ነጥብ እንኳ በዳበሳ ይለየዋል። ዳሩ ግን ይህም ሌላ ክርክር አመጣብን። አንዳንዴ ጣቱ ገና ከመስመሩ መሀል ሳይደርስ አፉ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ የሚያነበው ወረቀቱን ነው ወይስ ትዝታውን? እኔ «ጣትህ የት ነው?» እያልሁ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ይቆጣል። «የኔታን አንተ ሰምተሃቸዋል?» ይለኛል። አልሰማኋቸውም። ነገር ግን አንድ ሦስት ቦታ ላይ ፕሮግራሙ ያወጣውና እሱ በቃሉ ያለው አልገጠመም፤ በእጅ ባትሪ ብናየው ነጥቡ ከፕሮግራሙ ጋር ሆነ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ የሰማውንና የጻፈውን በሃያ ሁለት ዓመቱ አሻሽሎት ኖሯል። በበኩሌ የተሻሻለው ይበልጥ ያማረ ነበር እላለሁ። የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የገባው ግን በነጥብ ያለው ነው፤ እንዲያ እንዲሆን ያዘዘው ራሱ ወዳጄ ነው፣ ሦስቱንም።

ወደ ርእሴ ልመለስ። ዲቃላ ፊደላትን ወዳጄ የሚጽፋቸው በራሱ ልማድ ነው፤ ቋ ሲል ቅ፣ ው፣ ከዚያ የራብዕ ነጥብ። በጆሮ ከሄድህ ትክክል ነው። ፕሮግራሙ ግን ቅን ለብቻ፣ ዋን ለብቻ ያነባል፤ ቁስቅዋም። ሰንጠረዥ ተራ ጽሑፍ ነውና ከፍቶ ደንብ መጨመር ይቻላል፤ አንዱን ደንብ ሲጻፍ ብቻ፣ ሌላውን ሲመለስ ብቻ እንዲሠራ ማድረግም ይፈቅዳል። «ሲመለስ፣ ሳድስና ዋ ከተከታተሉ ዲቃላ አድርግ» የሚል ደንብ ጨመርን። ቁስቋም ቀና። የማታ ማታ ሦስተኛውን ጥቅል ስናነብ ግን ምንትዋብ «ምንቷብ» ሆነው ተገኙ። ደብሩን አቅንቶ አሠሪዋን እቴጌ አፈረሰ ማለት ነው። ስለ ቅኔ አቀራረብ በተጻፈው ክፍል ደግሞ «ክዋኔ» የሚለው ቃል «ኳኔ» ሆኗል። ትውን ካወጣነው ምንትዋብ ይድናሉ፣ ሌሎች ቷዎች ይጠፋሉ። ክውን ካወጣነው ክዋኔ ይድናል፣ ኳሱ ይተነፍሳል። መጨረሻ ላይ ደንቡን ለቅና ለግ ብቻ ትተን፣ ሌላውን ቃል በቃል የምናይበት ዝርዝር አበጀን። በዚህ ደንብ «ወርቅዋ» «ወርቋ» ይሆናል፤ ይሁን፣ ሁለቱንም የሚጽፍ አለ። ብሬል ላይ የተጻፈውን የትኛውም ደንብ ሙሉ በሙሉ ሊመልሰው አይችልም፤ ሲጻፍ ሁለት የነበረው ነገር አንድ ከሆነ፣ ሲመለስ የትኛው እንደነበረ የሚነግረው የለም።

የስንኙም ነገር እንዲሁ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት። ግን በነጥብ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ሴል ይወስዳል፤ የስሌት መስመር ደግሞ አጭር ነው፣ ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ የወረቀቱን መስመር ሁሉ እንደ ስንኝ ሲቆጥር ጉባኤ ቃናው አድጎ መወድስ ሊሆን ምንም አልቀረው። «መስመሩን ሁሉ አያይዝ» ስንለው ደግሞ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አስመሰለው። ያዳነን የወዳጄ የልጅነት ልማድ ነው፤ እውነተኛው ስንኝ ሲጀምር ሁለት ባዶ ሴል ይዘላል። በሁለት ባዶ የሚጀምረውን ብቻ አዲስ ስንኝ አድርግ አልነው፤ አደረገ።

አሁን የቀረው የሞክሼዎቹ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ኮምፒዩተሩን መውቀስ አይቻልም። ወዳጄ በብሬል ሲጽፍ አንድ ሀ፣ አንድ ሰ፣ አንድ አ፣ አንድ ጸ ይበቃዋል። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ በጆሮ አንድ ናቸው፤ ጣትም የሚከተለው ጆሮን ነው። እሱ ሲቀልድ «ከፊደል ሁሉ የጎደለኝ ዓይኑ ዐ ነው» ይላል። ለአማርኛ ይህ እምብዛም አይጎዳም፤ ከሞክሼዎቹ መካከል የትኛው ይቅር የሚለው ሙግት ከኛ በፊትም የነበረ ነው። ለግዕዝ ግን ሌላ ነው። መሀረ አስተማረ ነው፣ መሐረ ይቅር አለ። ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ሣለ። አመት ገረድ ናት፣ ዓመት ያው ዓመት። ፕሮግራሙ ሁሉንም በአንዱ ያወጣቸዋል፤ የአብነት መምህር ቢያየው ወረቀቱን ፊታችን ላይ ይጥልብናል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ዘርግተን ቃል በቃል እንመልሳለን። አድካሚ ነው፤ ደስ ይላልም።

አንዷ ቃል ላይ ግን ሁለት ሳምንት ቆመናል። የኅዳር 6 ጉባኤ ቃና ነው፤ የኔታ በስደቱ ነገር የዘረፉት። ፀሐይ በሌሊት ወደ ግብጽ ወረደ የሚል መንፈስ አለው፤ ደብሩ ደብረ ፀሐይ መሆኑን አትርሱ። ማሰሪያ አንቀጹ በነጥብ ስ፣ ር፣ ቅ ነው፣ ከነአናባቢዎቹ። በንጉሡ ከተጻፈ ሠረቀ ነው፤ ወጣ፣ ፀሐይ ወጣ። በእሳቱ ከተጻፈ ሰረቀ ነው፤ ከሄሮድስ ሰይፍ ሕፃኑን በሌሊት ሰርቆ ያሸሸው ምሥጢር። እኔ ንጉሡ ሠ ነው ብዬ ተከራከርሁ፤ ፀሐይ የተባለ ነገር ባለበት ሌላ ምን ይሆናል? ወዳጄ ደግሞ የኔታ ለፀሐይ መውጣት ብቻ አንድ ቅኔ አያባክኑም ባይ ነው። ወርቁ ስርቆቱ ነው አለ። ክርክሩ ሲበዛ ከየኔታ ጋር ያን ሌሊት ማኅሌት የቆሙ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

ወዳጄ ቅኔውን በቃሉ አወረደላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙት። «እህ፣ ታዲያ ምን አጣላችሁ?» አሉ።

«የኔታ በየትኛው ሰ ነው ያሉት?» አልኋቸው።

«በየትኛው ሰ!» ብለው ጥቂት ሳቁ። «ልጄ፣ እኛ ሰማነው እንጂ አላየነውም። መቅደስ ሲገባ ጨለማ ነበር።» ከዚያ ወደ ወዳጄ ዞሩና «አንተ እንዴት ጻፍኸው?» አሉት።

«በነጥብ፣ አባ። በነጥብ ሁለቱም አንድ ነው።»

«እንግዲያው ልክ ጽፈሃል» አሉና ስለ ጤናው ጠየቁት።

ለፈተና የሚቀርብ ጽሑፍ ግን ልክ ጽፈሃል ተብሎ አይታለፍም፤ አንዱ ፊደል መቀመጥ አለበት። ንጉሡን አስቀምጠን እሳቱን በግርጌ ማስታወሻ እንጻፍ አልሁ። ወዳጄ እንቢ አለ፤ ግርጌ የወረደ ነገር ማን ያነበዋል? በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለን። የግዕዝ ፊደልና የብሬል ነጥቦች ወደ ዩኒኮድ የገቡት በአንድ ጊዜ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም። ሁለቱንም በአንድ መስመር ማስቀመጥ የሚከለክል የለም። የስን ሦስት ነጥብ እንዳለች ከስንኙ መሀል አስገባናት፤ ቀጥሎ ረ፣ ቀጥሎ ቀ።

ባለፈው ዓርብ ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ወስደን አሳተምነው። ልጅቷ ገጹን አየችና «ማሽኑ ቀለም ረጭቶብኛል፣ ቆይ ደግሜ ላውጣላችሁ» አለች። ወዳጄ የቆመበት ቦታ ሆኖ፣ «የቱ ጋ ነው የረጨው?» አላት።

«እዚህ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ። ሦስት ነጥብ።»

«ተይው» አላት። ስምንት ጥቅል ይቀረናል፤ አማካሪው የሰጡን እስከ ግንቦት ነው።